ዘረ መሉ የታረመ ጤፍ በየትኛው በር ይግባ?



ጧት በልደታ የሚያልፍ ሰው፣ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት የሚፋጠን ባለጉዳይ ሳያይ አያልፍም። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ በየቀኑ አያለሁ። ባለጉዳዩ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ «እውነቱ የማን ነው?» ብሎ ሳይሆን «የእኔ ጉዳይ የሚታየው በየትኛው ችሎት ነው?» ብሎ ነው። ችሎቱ ካልታወቀ እውነቱን የሚሰማ የለምና።

ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን ያዘጋጀው ክርክር እንደዚሁ ስለ ችሎት የሚጠይቅ ነበር። ርእሱም «ዘረ መላቸው የታረመ የሰብል ዘሮች እንደ ልውጠ ሕያዋን በሕግ ሊመረመሩ ይገባልን?» የሚል ነው። እኔ የተመደብሁት «አይገባም» ከሚሉት ወገን ነበር። ዕጣውም ደስ አሰኘኝ። አጎቴ በምንጃር ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ እናቴም እዚሁ ልደታ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ታስተምረኛለች፤ ስለዚህ ለጤፍ የሚበጅ ነገር ሁሉ በወረቀት ብዛት እንዲዘገይ አልፈልግም ነበር። ክርክሩን አሸነፍን። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ አጎቴ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያን ጊዜ የጎደለኝን ለመሙላት፣ የተማርሁትንም ለእናንተ ለማካፈል ነው። ከዚህ ቀጥሎ «እ.ኤ.አ.» ያልሁባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» ያልሁባቸው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

1. ዘረ መል ምንድን ነው?

ማናቸውም ሕይወት ያለው ነገር፣ ሰውም ሆነ ጤፍ፣ ሴል ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። በሴሉ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ረጅም ክር አለ። በዚህ ክር ላይ 4 ዐይነት ብቻ በሆኑ ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ትእዛዝ ይገኛል። ከዚህ ትእዛዝ አንዱ ክፍል፣ ለምሳሌ «አገዳው ይርዘም» የሚለው፣ ዘረ መል ወይም ጂን ይባላል።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ብንመለከተው ይቀላል። ጥንት መጽሐፍ የሚባዛው ቁም ጸሐፊው ከአሮጌው ብራና ወደ አዲሱ ብራና ፊደል በፊደል እየገለበጠ ነበር። ጸሐፊው ምንም ቢጠነቀቅ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ዘመን ያለፋቸው ቅጂዎች በጥቂቱ ይለያያሉ። ዘርም ሲራባ እንዲሁ ነው። በዲ.ኤን.ኤ. ግልበጣ ላይ ስሕተት ይገባል። የሚበዛው ስሕተት ጥቅምም ጉዳትም የለውም፤ አንዳንዱ ይጎዳል፤ ጥቂቱ ግን ይጠቅማል። ገበሬዎቻችን ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያሉ ብዙ ዐይነት ጤፍ ሊያቆዩልን የቻሉት ይህን ልዩነት በዐይናቸው እየለዩ፣ በእጃቸው እየመረጡ ነው።

2. ዘር የሚሻሻልባቸው መንገዶች

ከምርጫ በኋላ የመጡት መንገዶች 4 ናቸው።

የመጀመሪያው ማዳቀል ነው። ይህ የሁለት ቅጂዎችን መልካም ገጽ በአንድ መጽሐፍ እንደ ማሰባሰብ ያለ ሥራ ነው። ጤፍ ግን አበባው እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ፣ በሰው እጅ ሊዳቀል አይችልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አበባው ጧት በማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ተገንዝበው መንገዱን አገኙ። ከዚያ ወዲህ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት የጤፍ ዐይነቶችን አዳቅሎ ያወጣው «ቁንጮ» የተባለው ዘር በ1998 ዓ.ም. ተለቀቀ፤ በብዙ ገበሬዎችም ዘንድ ተወደደ።

ሁለተኛው ዘሩን በጨረር ወይም በኬሚካል መምታት ነው። ይህ ብራናውን ዐይን ጨፍኖ እንደ መቧጨር ነው። የትኛው ፊደል እንደሚጠፋ አስቀድሞ አይታወቅም። ተመራማሪው በሺህ የሚቈጠር ቡቃያ አብቅሎ ከመካከሉ የሚጠቅመውን ይፈልጋል። ሥራው እንዲህ ጭፍን ሆኖ ሳለ፣ በብዙ አገር ያለ ልዩ ምርመራ ሲሠራበት ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ሦስተኛው ከሌላ ፍጥረት የተወሰደ ዘረ መል ማስገባት ነው። ይህ ከሌላ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ቆርጦ በእኛ መጽሐፍ ውስጥ እንደ መስፋት ይቈጠራል። ለምሳሌ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ተወስዶ ወደ ጥጥ የገባ ዘረ መል፣ ፍሬውን የሚበላው ትል እንዲሞት ያደርጋል። በአገራችን ሕግ «ልውጠ ሕያው» የሚባለው በተለይ ይህን የመሰለው ነው።

አራተኛውና አዲሱ፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው፣ ዘረ መል ማረም ነው። ቁም ጸሐፊ የተሳተውን ፊደል ለይቶ በስለት ፍቆ ያርመው እንደ ነበረ፣ ሊቃውንቱም አሁን በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚፈልጉትን ቦታ ለይተው ይቈርጣሉ። ክሪስፐር የሚባለው መቍረጫ የተገኘው ባክቴሪያዎች ከቫይረስ ራሳቸውን ከሚከላከሉበት ዘዴ ነው። መቍረጫው የሚፈለገውን ቦታ የሚያሳየው አጭር መሪ ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል፤ እዚያም ሲደርስ ክሩን ይቈርጣል። ሴሉ የተቈረጠውን ሲጠግን ጥቂት ፊደላት ይጎድላሉ ወይም ይጨመራሉ፤ በዚያ ጊዜ ያ ዘረ መል ሥራውን ያቆማል። ፈረንሳዊቷ ኢማኑኤል ሻርፖንቲዬና አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ዳውድና ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ገለጡ፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

3. የገብሳችን ምስክርነት

በክርክሩ ጊዜ ለወገናችን ዋና ማስረጃ አድርጌ ያቀረብሁት ስለ ኢትዮጵያ ገብስ ነበር። ነገሩ እውነት ስለ ሆነ እዚህም ልጻፈው።

የገብስን ቅጠል እንደ ዱቄት የሚያለብስ የሻጋታ በሽታ አለ። በገብስ ውስጥ ያለ አንድ ዘረ መል ሥራውን ሲያቆም ተክሉ ይህን በሽታ ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን አገር ገብስን በጨረር በመምታት እንዲህ ያለ ተክል ተገኘ። ነገር ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበው ገብስ መካከል ያው ለውጥ ያለ ሰው እጅ፣ በተፈጥሮ ብቻ ደርሶበት የቆየ ዘር መኖሩ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮም ይህ የኢትዮጵያ ገብስ ጠባይ በአውሮፓ የገብስ ዘሮች ውስጥ በማዳቀል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የቻይና ሊቃውንት የዚህኑ ዐይነት ዘረ መል በስንዴ ውስጥ በማረም ዝም አሰኝተው፣ በሽታውን የሚቋቋም ስንዴ አገኙ።

እንግዲህ አንድ ዐይነት ለውጥ በ3 መንገድ ተገኘ ማለት ነው፤ በተፈጥሮ፣ በጨረርና በማረም። «ያለ ሰው እጅ ሲመጣ የምንበላውን፣ በጨረር ሲመጣም ዝም የምንለውን ለውጥ፣ በስለት ሲመጣ ለምን እናስረዋለን?» ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ አጨበጨበ። ጥያቄው ዛሬም ብርቱ ጥያቄ ይመስለኛል። ነገር ግን ከገብሱ ታሪክ ውስጥ ያን ቀን ያላስተዋልሁት ሌላ ነገር ነበረ፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

4. ስለሚጋሸበው ጤፍ

150 የጤፍ ፍሬ ቢመዘን የአንዲት ስንዴ ፍሬ ያህል ይከብዳል ይባላል። ፍሬው እንዲህ ደቃቅ ቢሆንም ዛላው ሲሞላ ቀጭኑና ረጅሙ አገዳ ሊሸከመው አይችልም። በመስከረምና በጥቅምት ነፋስና ዝናም ሲመጣ ጤፉ ይጋሸባል፤ ይኸውም መሬት ላይ ይተኛል ማለት ነው። የተኛ ጤፍ ፍሬው በሚገባ አይሞላም፤ ለማጭድ ያስቸግራል፤ በመኪና ለማጨድማ ፈጽሞ አይመችም። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ገበሬው ማዳበሪያ በጨመረ መጠን ተክሉ እየረዘመ የባሰ መተኛቱ ነው። ስለዚህ ገበሬው ለመሬቱ የሚያስፈልገውን ማዳበሪያ እንኳ ፈርቶ ይቀንሳል። አንድ ዓመት በጥቅምት ባልታሰበ ዝናም የአጎቴ ጤፍ በተኛ ጊዜ፣ አጎቴ ለእናቴ በስልክ «ማሳው እንደ ሰሌን ተነጥፏል» ብለው ሲነግሯት ከጎንዋ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። በዚያ ዓመት ለቤታችን ይመጣ የነበረው ጤፍ አልመጣም፤ እናቴም ከወፍጮ ቤት በውድ እየገዛች ጋገረች።

ሩዝና ስንዴ ከዚህ መከራ የዳኑት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጫጭር ዘሮች በመውጣታቸው ነው። በሩዝ ላይ ማጠሩን ያመጣው አንድ ዘረ መል ሥራውን በማቆሙ መሆኑ በኋላ ታወቀ። በጤፍም ውስጥ የዚህ ዘረ መል ወንድም አለ። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዳንፎርዝ የዕፀዋት ሳይንስ ማዕከል፣ ኮርቴቫ የተባለው የዘር ኩባንያና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ይህን ዘረ መል በክሪስፐር አርመው ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ። ጤፍ ከሁለት ጥንታውያን ወላጆች የተወለደ በመሆኑ የዘረ መሉ ቅጂ በእጥፍ አለው፤ ስለዚህ 4ቱንም ቅጂዎች በአንድነት ዝም ማሰኘት ነበረባቸው። የተገኘውም ጤፍ አጭርና መጋሸብን የሚቋቋም ሆነ።

ለዚሁ ዓላማ ሌላም መንገድ ተሞክሯል። በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የጤፍ ምርምር ቡድን የጤፍን ዘር በኬሚካል በመምታት መጋሸብን የሚቋቋም አጭር ጤፍ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትሟል። በዚህ ውስጥ የተለወጠው ዘረ መል ሌላ ቢሆንም የተፈለገው ግብ ግን አንድ ነው። ታዲያ በኬሚካል የተገኘው አጭር ጤፍና በማረም የተገኘው አጭር ጤፍ በአንድ ቀን ከአገራችን ደጃፍ ቢደርሱ፣ በአንድ በር ይግቡ ወይስ በሁለት?

5. ሕጋችን ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ስምዋ የታወቀ አገር ናት። ስለ ልውጠ ሕያዋን ከአገር ወደ አገር መተላለፍ የሚደነግገው የካርታሄና ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሲጸድቅ፣ በድርድሩ ላይ የአፍሪካን ቡድን የመሩት የእኛው አገር ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። እኒህ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ሊቅ የታገሉለት ዋናው ሐሳብ፣ አንድ አገር ስለሚገባባት ልውጥ ዘር አስቀድሞ ሊነገራትና ካልወደደችው «አይግባ» ለማለት መብት ሊኖራት ይገባል የሚል ነው።

በዚህ መሠረት የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ወጣ። አዋጁ ማንም ሰው ልውጠ ሕያው ከማስገባቱ ወይም ከመዝራቱ በፊት የጉዳቱን ግምገማ አቅርቦ ፈቃድ እንዲቀበል ያዝዛል። አመልካቾች እጅግ ጥብቅ ነው ብለው ስላመለከቱ፣ በተለይ ለምርምር ሥራ እንዲመች በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሻለ። ከዚህም በኋላ በ2010 ዓ.ም. ትልን የሚቋቋመው ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ፤ በበቆሎና በእንሰትም ላይ በተከለለ ቦታ ሙከራ ተደረገ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እናስተውል። አዋጁ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. 2009 ነው። ክሪስፐር የተገለጠው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪዎቹ በዐይነ ኅሊናቸው ያዩት ከሌላ መጽሐፍ ተቆርጦ የተሰፋውን ቅጠል እንጂ በስለት የተፋቀውን ፊደል አልነበረም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። በማረሙ ሥራ ጊዜ የመቍረጫው ዘረ መል ራሱ ከውጭ ወደ ተክሉ ሊገባ ይችላል፤ በኋላ ግን በሚቀጥለው ትውልድ ተለይቶ እንዲወጣ ይደረጋል። የገባውን የሚመለከት ሰው «ልውጥ ነው» ይላል፤ የቀረውን የሚመለከት ሰው «ልውጥ አይደለም» ይላል።

6. ሌሎች አገሮች እንዴት ፈረዱ?

በዓለም ላይ ፍርዱ ሁለት ዐይነት ሆኖአል። አንዳንዱ አገር የሚጠይቀው ስለ ስለቱ ነው፤ አንዳንዱ ግን ስለ ገጹ ይጠይቃል።

ስለ ገጹ ከጠየቁት መካከል ቀዳሚዋ አርጀንቲና ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ደንብ እያንዳንዱ ዘር ለብቻው ታይቶ፣ በመጨረሻው ተክል ውስጥ አዲስ የተጨመረ ባዕድ ዘረ መል ከሌለ እንደ ልውጠ ሕያው አይቈጠርም። ጃፓን ዘረ መሉ የታረመ ቲማቲም እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ እንዲቀርብ መንገድ ከፈተች። በአፍሪካም ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚሁ ነገር የተለየ መመሪያ አወጡ። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2023 ለታረሙ ዕፀዋት ቀለል ያለ ሕግ ጸደቀ።

ስለ ስለቱ የጠየቀው ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰጠው ፍርድ፣ በአዲሱ ጥበብ የተገኙ ዘሮች በልውጠ ሕያዋን ሕግ ሥር እንዲወድቁ፣ ለብዙ ዘመን የተሠራበት የጨረርና የኬሚካል መንገድ ግን ነጻ እንደ ሆነ እንዲቆይ ወሰነ። ምክንያቱም አሮጌው መንገድ በዘመን ብዛት ተፈትኗል፤ አዲሱ ግን ገና ነው የሚል ነው። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉ እንዲቀል ሐሳብ አቅርቧል።

በክርክራችን ከተቃራኒው ወገን የነበረች ጓደኛዬ አንድ ከባድ ነገር ተናግራ ነበር። በአሜሪካ ቀንድ እንዳያበቅሉ ዘረ መላቸው የታረመ ከብቶች ነበሩ። ሠሪዎቹ «ምንም ባዕድ ነገር የለባቸውም» ብለው ነበር፤ የመንግሥት ሊቃውንት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የከብቶቹን ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረምሩ የባክቴሪያ ዘረ መል ተረስቶ ቀርቶ አገኙ። እኔ በዚያን ጊዜ «እኛ የምንከራከረው ስለ ጤፍ ነው፤ ጤፍም ቀንድ የለውም» ብዬ መለስሁላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነጥቡም ለእኛ ተቈጠረ። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ሣቅ እንጂ መልስ አልነበረም። ጓደኛዬ ያለችው «ንጹሕ ነው» የሚለውን ቃል ከሠሪው ሌላ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል ነው፤ በዚህም ትክክል ነበረች።

7. የአጎቴ ጥያቄ

ለገና በዓል አጎቴ ወደ ቤታችን መጡ። ቡና ተፈልቶ ሳለ ስለ አጭሩ ጤፍና ስለ ክርክሩ በኩራት ነገርኋቸው። እስክጨርስ ድረስ በጸጥታ አዳመጡኝ፤ ከዚያም ሲኒውን አስቀምጠው፦

«መልካም ነው ልጄ። እንዳልሽው አይተኛም እንበል። ከአውድማዬ ላይ ለከርሞ የሚሆን ዘር መያዝ እችላለሁ? ወይስ በየዓመቱ ልገዛ ነው?» አሉኝ።

እኔ ዝም ባልሁ ጊዜ ደግሞ፦ «አገዳውስ ካጠረ ጭዱ ከወዴት ይመጣል? በሬዎቹ ምን ይብሉ? የቤቱስ ጭቃ በምን ይቦካ?» ብለው ጨመሩ።

እናቴም ከረከቦቱ አጠገብ ሆና፦ «እኔስ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሊጡ በደንብ ይቦካል? እንጀራውስ ዐይን ያወጣል?» አለች።

ስለ ጤንነትና ስለ አካባቢ ለሚነሣ ጥያቄ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለእነዚህ ግን አንድም አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት መምህራችንን ጠይቄ፣ ከቤተ መጻሕፍትም ፈልጌ ያገኘሁት ይህ ነው።

ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ፣ በተፈጥሮው ገበሬው ዘሩን እየያዘ መልሶ ቢዘራው ጠባዩን አይለቅም። የተዳቀለ በቆሎ ግን ዘሩ ሲመለስ ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አጎቴን ሊከለክላቸው የሚችለው ተክሉ ሳይሆን ወረቀቱ ነው፤ ይኸውም የባለቤትነት መብት ወይም ፓተንት። የክሪስፐር መሣሪያ ራሱ በልዩ ልዩ አገሮች በፓተንት የተያዘ ነው። በእርሱ የሚገኘው ዘር በምን ውል ለገበሬው እንደሚደርስ አስቀድሞ ካልተጻፈ በኋላ ክርክር ያመጣል።

ይህ ሥጋት ከንቱ አለመሆኑን የራሳችን ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋራ በጤፍ ጥቅም ለመካፈል ውል ተዋዋሉ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2007 አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ከሰረ። ኢትዮጵያም ተስፋ ያደረገችውን ጥቅም ሳታገኝ ቀረች፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በሆላንድ ዋጋ አሳጣው። ፓተንቱ በዘሩ ላይ ሳይሆን በዱቄቱ አሠራር ላይ ነበር፤ ሆኖም ለሺህ ዓመታት እንጀራ ስንጋግርበት ለኖርነው ሕዝብ ያን ያህል ክርክር ማስከተሉ ትምህርት ይሆነናል።

በገብሱም ታሪክ ውስጥ ያላስተዋልሁት ይህንኑ ነው። ዘሩ ከኢትዮጵያ በወጣበት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቅም መካፈልን የሚያዝዝ ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም። በሜዳችን ያለ ማንም እጅ የተገኘው ለውጥ የአውሮፓን ማሳ ጠቀመ። አሁን ግን በአገራችን የዘረ መል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአገራችን የዘር ባንክም የገበሬዎቻችንን ዘር ሰብስቦ ያቆያል።

8. የእኔ አስተያየት

ከዚህ ሁሉ በኋላ በክርክሩ ላይ የተናገርሁትን ግማሹን እይዛለሁ፤ ግማሹንም እተዋለሁ።

የምይዘው ይህን ነው። አንድ ፊደል ብቻ የተፋቀበትን ጤፍ፣ የባክቴሪያ ዘረ መል ከተሰፋበት ጥጥ ጋራ በአንድ ሚዛን መመዘን ትክክል አይመስለኝም። በኬሚካል የተገኘው አጭር ጤፍ በሰፊው በር ሲገባ፣ በማረም የተገኘው ወንድሙ ለዓመታት በደጅ ቢቆም፣ የሚጎዳው ማሳው የሚተኛበት ገበሬ ነው።

የምተወው ደግሞ «ምርመራ አያስፈልግም» ያልሁትን ነው። አጭር በር ማለት ዘበኛ የሌለው በር ማለት አይደለም። ስለዚህ በበሩ ላይ 3 ጥያቄዎች ቢጠየቁ እወዳለሁ።

አንደኛ፤ በገጹ ላይ ምን ተደረገ? ሠሪው የተክሉን ዲ.ኤን.ኤ. አስነብቦ ባዕድ ነገር እንዳልቀረበት ያሳይ፤ ይህንንም ከሠሪው ሌላ የሆነ የአገር ቤተ ሙከራ ያረጋግጥ። ባዕድ ነገር ከተገኘበት ወደ አዋጅ ቁጥር 655/2001 ሙሉ ምርመራ ይሂድ፤ ንጹሕ ከሆነ በአጭሩ በር ይለፍ።

ሁለተኛ፤ የት ይዘራል? አገራችን የጤፍ መገኛ ናት። ከጤፍ ጋራ ሊዳቀሉ የሚችሉ የዱር ዘመዶቹም በምድራችን ይበቅላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በተከለለ ቦታ ይፈተን፤ ሲፈተንም ምርቱ ብቻ ሳይሆን ጭዱም ይመዘን፤ እንጀራውም ይጋገር። የእናቴ ጥያቄ ከሊቃውንቱ ጥያቄ የሚያንስ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፤ የማን ይሆናል? ገበሬው ዘሩን ይዞ መልሶ መዝራት፣ ለጎረቤቱም ማበደር እንደሚችል ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት በግልጥ ይጻፍ። ይህ ጥያቄ የደኅንነት ጥያቄ አይደለም ተብሎ ወደ ሌላ ቢሮ ይላክ ይሆናል፤ ለአጎቴ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ ከእኛ መካከል ነገ በቤተ ሙከራ የሚሠራ፣ በልደታ ችሎት የሚሟገት፣ ወይም ሕግ የሚያረቅ አይጠፋም። ክርክር ማሸነፍ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚመለከተውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚበልጥ እኔ በዘንድሮው ገና ተምሬአለሁ። ወላጆቻችንም እንደ አጎቴ ሳይታክቱ እንዲጠይቁን እለምናለሁ።

አጎቴ ወደ ምንጃር ሲመለሱ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ያገኘሁትን መልስ ነገርኋቸው፤ ያላገኘሁትንም አልደበቅሁም። እርሳቸውም አውቶቡሱ ላይ ወጥተው በመስኮቱ በኩል፦ «እንግዲያው ሕጉ ሲጻፍ ስለ ጭዱ እንዳትረሺ» አሉኝ። እኔም አልረሳሁም፤ እነሆ ጻፍሁት።